መልስ ያልሰጡት አሥራ ዘጠኝ

አሻግሬ ከደባርቅ ከተማ ዳር ባለው ትምህርት ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ተቀምጧል። ሠርቷል ከማለት ተቀምጧል ማለት ይሻላል። ዳይሬክተሮች መጡ፣ ዳይሬክተሮች ሄዱ፤ ንጉሡ ወረዱ፣ በግድግዳው ላይ የነበረውም ፎቶግራፍ ወርዶ ሌላ ተሰቀለ፤ አሻግሬ ግን ያቺኑ እግሯ የሚወላገድ ወንበር አልለቀቀም። ጠዋት ጠዋት ከቡይት ራስ ከፍታ በኩል የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባበታል። እሱም ጋቢውን በኮቱ ላይ ደርቦ፣ እጁን በእስትንፋሱ አሙቆ፣ ትልቁን መዝገብ ይገልጣል። ተማሪ ሲገባ በሰማያዊ ቀለም ይጽፋል፤ ሲወጣ በቀይ ይሰርዛል። ለእሱ ሰው ማለት መዝገቡ ላይ ያለ ሰው ነው።

አሁን ግን ደክሞታል። ሥራው ከብዶት አይደለም፤ ያው ሥራ፣ ያው ወንበር፣ ያው ብርድ አሰልችቶት ነው። ከሁሉም ከሁሉም ያደከመው በየዓመቱ ሰኔ ላይ የሚነበበው ሪፖርት ነው። ሪፖርቱን ዳይሬክተሩ አቶ ዋሴ ይፈርሙበታል፤ የፖለቲካ ኃላፊው ጓድ ያርጋል ከራስጌና ከግርጌው መፈክር ይጨምርበታል፤ መካከሉን የሚጽፈው አሻግሬ ነው። በዓመቱ የተገኙ ድሎች፦ በማትሪክ ይህን ያህል ተማሪ አለፈ፤ ዩኒቨርሲቲ ይህን ያህል ገባ፤ በመሠረተ ትምህርት ይህን ያህል ገበሬ ፊደል ቆጠረ፤ አራት ሺህ ችግኝ ተተከለ። ከአራት ሺው ውስጥ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶውን ፍየል እንደበላው ሪፖርቱ አይናገርም። ፍየሎቹ ድል ካላቸው የራሳቸውን ሪፖርት ያቅርቡ።

የመጨረሻው ገጽ ርእስ «የቀድሞ ተማሪዎች ድጋፍ» ይላል። ይህ ገጽ የአሻግሬ የራሱ ሐሳብ ነበር፤ ያቃጠለውም ለዚሁ ነው። ትምህርት ቤት ያሳደገው ልጅ ትምህርት ቤቱን መልሶ ያሳድግ፤ ከዚህ የቀለለ ነገር ምን አለ ብሎ ነበር የጀመረው። በ1974 ዓ.ም. ከመዝገቡ ውስጥ ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ የገቡትን አሥራ ዘጠኝ ልጆች ለቅሞ አወጣና ለያንዳንዳቸው በእጁ ደብዳቤ ጻፈ። «ገንዘብ አንጠይቅህም። ያነበብከውን አንድ መጽሐፍ ላክልን፤ ታናናሾችህ ያንብቡት» የሚል ነበር። መልስ የለም። በዓመቱ ደግሞ ጻፈ። አሁንም ጆሮ ዳባ ልበስ። አሻግሬ በዚያን ሰሞን ሻይ ቤት ሲቀመጥ ወሬው ሁሉ ይኸው ነበር። «ያጎረሰ እጅ ይነከሳል» ይላል፤ ብርጭቆውን ቁጭ አድርጎ ደግሞ «ያጎረሰ እጅ ይነከሳል» ይላል።

ታዲያ በ1975 ዓ.ም. የወላጆች ቀን በዕድር የለመደውን ሥርዐት ወደ ትምህርት ቤቱ አመጣው። በዕድር ለቀብር ያልወጣ ሰው ስሙ በጉባኤ ይጠራል፤ ያፍራል፤ በሚቀጥለው ይወጣል። አሻግሬም ሪፖርቱን አንብቦ ሲጨርስ አሥራ ዘጠኙን ስም ከነአባታቸው በሕዝብ ፊት ጠራ። ከየስሙ ኋላ «ደብዳቤ ተጽፎለት መልስ ያልሰጠ» ይላል። «አንሙት ሀብተ ሚካኤል፤ ደብዳቤ ተጽፎለት መልስ ያልሰጠ» ሲል ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ ምክንያቱም አንሙት በ1966 ዓ.ም. ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥቶ ምሕንድስና የገባ፣ የሁሉም ተስፋ የነበረ ልጅ ነው። ሕዝቡ ጭጭ አለ። ጓድ ያርጋል «ይህ ነው ሂስ ማለት!» ብሎ አጨበጨበ። የአንሙት እናት እማማ ወርቄ ነጠላቸውን እስከ ዐይናቸው ተከናንበው ተነሡና ስብሰባው ሳያልቅ ወጡ። አሻግሬ ያን ዝምታ የኀፍረት ዝምታ ነው ብሎ ተረጎመው። ደስም አለው። ዘንድሮ ይጽፋሉ አለ በልቡ።

እውነቱ ከተነገረ፣ ከ1969ና ከ70ው ቀይ ሽብር በኋላ በዚያ አገር ስለ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። «ልጅዎ ደኅና ነው?» ቢባሉ እናቶች «አዲስ አበባ ነው» ብለው ያልፋሉ። አሻግሬም ይህን አያውቅም አይባልም። ማወቅ አልፈለገም እንጂ። መዝገቡ «ዩኒቨርሲቲ ገባ» ይላል፤ እሱም ከመዝገቡ አልፎ አልሄደም።

በ1976 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከክፍለ ሀገር አንድ ደብዳቤ መጣ። በሰኔ መጨረሻ መርማሪ ቡድን ይመጣል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሁለት መቶ መጽሐፍ ያልሞላለት ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ይዘጋል፤ ተማሪዎቹም ጎንደር ሄደው ይማራሉ ይላል። ትምህርት ቤቱ ያለው ሽፋናቸው የለቀቀውን ቆጥሮ ሰባ መጽሐፍ ነው።

አሻግሬ ደብዳቤውን ፋይል ሳያደርግ ረጅም ጊዜ ይዞት ተቀመጠ። አንዲት ልጅ አለችው፣ የዓለምወርቅ ትባላለች፤ አሥራ አንደኛን እየጨረሰች ነበር። ጎንደር ዘመድ የለውም፤ ቤት ተከራይቶ ቀለብ ቆርጦ የሚያስተምርበት አቅም የለውም። በዚያ ላይ አንድ የዳባት ነጋዴ ለልጁ ሊያጫት ሽማግሌ ልኮ፣ «ትምህርቷን ስትጨርስ እንነጋገር» ተብሎ የተመለሰው በጥምቀት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተዘጋ ጨረሰች ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ይመጣሉ። ልጅቱ ይህን አውቃ ምንም አትናገርም፤ ማታ ማታ ደብተሯን ገልጣ አባቷን አየት ታደርገውና መልሳ ታቀረቅራለች። እሱ ያንን አስተያየት አልቻለውም።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንድ የጭነት መኪና ከዳባት መጥቶ ሦስት የሳሙና ካርቶን በትምህርት ቤቱ በር ላይ አወረደ። አሻግሬ ራሱ ነው ገመዱን የፈታው። መጻሕፍት! ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ ታሪክ፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ ልብ ወለድ። መቶ አርባ ሦስት ሆኑ። ቆጥሮ ሲጨርስ በካርቶኑ ላይ ተቀመጠ። አንዱን ሲገልጠው ከመካከሉ የገብስ ፍሬ ረገፈ። ሌላውንም ሲገልጥ ገብስ። ደግሞ የሁሉም የመጀመሪያው ቅጠል፣ የባለቤቱ ስም የሚጻፍበት፣ ተቀዷል። ከታች በደብተር ወረቀት የተጻፈ ማስታወሻ ተገኘ፦ «ለትምህርት ቤቱ የተሰጠ። ገብረ መድኅን። ኃይለ ጊዮርጊስ። ወልደ ሰንበት። ገብረ ክርስቶስ…» እያለ አሥራ አንድ ስም ይዘረዝራል። የአባት ስም የለው፣ አድራሻ የለው፣ ፊርማ የለው።

አቶ ዋሴ ደስታቸውን ሳይጨርሱ ጓድ ያርጋል ደረሰ። ወረቀቱን አነበበ፣ የተቀደዱትን ገጾች በጣቱ ዳሰሰ።

«ይህ ምንድን ነው ጓድ አሻግሬ?»

«የቀድሞ ተማሪዎቻችን ድጋፍ ነው። መልስ ሰጡ።»

«የትኞቹ?»

«ከመዝገቡ አያቸዋለሁ።»

«ይመልከቱ። እኔ ግን የኅቡዕ ስም ይሸተኛል። ስሙን የሚደብቅ ሰው የሚደብቀው ሌላም ነገር አለው። ሰጪው እስኪታወቅ መጽሐፉ ግምጃ ቤት ይቆለፍበት። እስከ ሰኔ ሃያ ካልታወቀ ከነወረቀቱ ወደ በላይ ይተላለፋል።»

ያርጋል ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም መምህር የነበረ፣ ስብሰባ ያጠወለገው ሰው ነው። ፍርሃት ደግሞ ደግን ሰውም ያከፋዋል። ቁልፉን በኪሱ አደረገና ወጣ።

አሻግሬ ሦስት ቀን መዝገብ ገለጠ። ከ1958 ጀምሮ ያለውን ስም ሁሉ አንድ በአንድ አወረደው። ገብረ መድኅን የሚባል አንድ አገኘ፤ እሱም አራተኛ ክፍል አቋርጦ ወታደር የሆነ ነው። ወልደ ሰንበት የሚባል ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ደርሶ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩን በቅጂ ይዞ ቤቱ ገባና መደብ ላይ ተዘረጋ።

ሚስቱ ገበያነሽ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ ድምፅ አውጥታ ካላነበበች አይሆንላትም። ከጎኑ አነሣችና አንድ ሁለት ስም አንብባ ሳቀች።

«አንተ ሰው፣ ሦስት ቀን ሙሉ በዚህ ነው የምትንገላታው? ይኼማ የክርስትና ስም ነው።»

«ምን?»

«የክርስትና ስም ነዋ! ለታቦት ስትሰጥ በምን ስምህ ትሰጣለህ? አሻግሬ ብለህ ነው? ቄሱ በቅዳሴ የሚያነሡህ በየትኛው ነው? ይኼን የጻፈ ሰው ትምህርት ቤቱን እንደ ቤተ ክርስቲያን ቆጥሮት ነው የሰጠ።»

አሻግሬ ቀና አለ። ልብ ካላየ ዐይን አያይም። አሥራ ስምንት ዓመት ስም ሲጽፍ ሰው ሁሉ ሌላ ስም እንዳለው፣ ያም ስም ከቄሱና ከእናት ሌላ የሚያውቀው እንደሌለ ረስቶታል። የእሱ ስም ራሱ ወልደ ሐና ነው። ከእናቱ ሞት ወዲህ በዚህ ስም የጠራው የለም።

«ታዲያ የማን የማን ናቸው?»

«እኔ ምን አውቄ። ያስጫነውን ሰው ጠይቅ» አለችው።

የመኪናውን ሾፌር ፈልጎ አገኘው። ካርቶኖቹን ያስጫነችው ዳባት ላይ የፖስታ ወኪል የሆነችው ባለ ሱቋ ሴት ናት አለው። አሻግሬ የቅዳሜን ገበያ ምክንያት አድርጎ በእህል መኪና ላይ ወጣና ዳባት ወረደ።

ሱቋ ከመንገዱ ዳር ናት፤ በአንድ በኩል ጨውና ክብሪት፣ በሌላው በኩል የፖስታ ቦርሳ። ከጎንደር የሚመጣ የደባርቅ ደብዳቤ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ባንኮኒው ኋላ የቆመችው ሴት ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ገና ሲገባ ቀና ብላ አየችው።

«ጋሽ አሻግሬ፣ ደኅና ሰነበቱ? ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«በየት ታውቂኛለሽ እናቴ?»

«እኔማ አልረሳዎትም። ይመኙሻል እባላለሁ። በ1960 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ነበርሁ። በቀይ ቀለም ነው ያለሁት።»

ያን ጊዜ ትዝ አለችው። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ለዳባት ሰው ተዳረች፤ እሱም «በጋብቻ ምክንያት ያቋረጠች» ብሎ በቀይ ሰረዛት። በተዳረች በሁለት ዓመቷ ባሏን ጥላ በእግሯ ደባርቅ ወጥታ፣ መልሱኝ ብላ እመዝገብ ቤቱ ደጃፍ ቆመች። «ከመዝገብ የወጣ ስም አይመለስም» አላት። ልጅቱ አልተከራከረችም። እስከ ቀትር ቆማ፣ ጥላው ሲያጥር ሄደች። አሻግሬ በዚያን ቀን ምሳውን በልቶ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። ደንብ ነዋ።

አሁን እፊቷ ተቀምጦ ስለ መጻሕፍቱ ጀመረ። ቡድኑ እንደሚመጣ፣ ካርቶኖቹ እንደተቆለፉ፣ ሰጪዎቹ ካልታወቁ ነገሩ ወደ በላይ እንደሚሄድ፣ የልጁን ነገር ሳይቀር ነገራት። እሷ ሰማችና ከባንኮኒው ሥር በሻሽ የታሰረ ነገር አውጥታ እፊቱ ፈታችው።

ደብዳቤዎች ናቸው። የራሱ የእጅ ጽሑፍ። «ለአንሙት ሀብተ ሚካኤል»፣ «ለሻረው ውዱ»፤ በየላዩ ላይ «ተቀባዩ አልተገኘም» የሚል ማኅተም አርፎበታል።

«ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አራቱ ተመልሰዋል» አለች። «ሁለቱንም ዓመት።»

«ለምን ወደ እኔ አልላክሻቸውም?»

«በደባርቁ ቦርሳ ብከታቸው እርስዎ ዘንድ ሳይደርሱ ጓድ ያርጋል ያያቸዋል። ደብዳቤ የማይደርሰው የማን እንደሆነ እሱ ያውቃል። ‹ምን ልትጻጻፍ ነው ከነዚህ ጋር› ቢልዎትስ? እርስዎም ልጅ አለዎት።»

አሻግሬ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። 

«ሁሉም የሉም?»

«ሦስቱ ሱዳን ገብተዋል ይባላል። ሁለቱ እስር ቤት ናቸው። የቀሩትን…» ሻሹን አጣጠፈች። «እናቶቻቸው ፍትሐት እንኳ አላስፈቱላቸውም። ሞተ ብሎ ማን ይናገር? ተቀምጦ ማልቀስም ያስጠይቅ ነበር።»

ከውጭ የገበያ ጫጫታ ይሰማል። አንዲት ሴት ጨው ልትገዛ ገብታ ወጣች። ይመኙሻል መልሷን ሰጥታ ተመለሰች።

«አምና ክረምት ሊገባ ሲል እማማ ወርቄ እዚህ መጡ» አለች። «ከደባርቅ በእግራቸው። ‹ልጄን በአደባባይ ውለታ ቢስ አሉት› አሉኝ። ‹ሞቷል እንዳልል አልችል፤ አለ እንዳልል የለ። መልስ አልሰጠም ተባለ፤ ምን ብሎ ይመልስ ልጄ?› አሉ። መጽሐፉን ከ69 ጀምሮ እገብስ ጎታ ውስጥ ቀብረውት ኖሯል። ‹በቤት መገኘቱ ያስገድለኝ ነበር፤ ማቃጠሉ ግን አንጀቴ እምቢ አለኝ። የሱ ነው፤ ይስጥና ስሙ ይጥራ› አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹም እናቶች እየሰሙ ከያሉበት አመጡ። ገጹን የቀደዱት እነሱ ናቸው። ስሙን ግን ሳይጻፍ አንሰጥም አሉ። እግዜር በሚያውቀው ስማቸው ጻፍሁላቸው።»

አሻግሬ አፈረ። በአርባ ስድስት ዓመቱ እንዲህ ያለ ኀፍረት አያውቅም። የእማማ ወርቄ ነጠላ ታየው፤ ጭጭ ያለው ሕዝብ ታየው፤ «አንሙት» ሲል ከፍ ያደረገው ድምፁ እጆሮው ውስጥ ጮኸበት። የሞተ ልጅ ስም ጠርቶ እናቱን በሕዝብ ፊት አዋረዳት። ያውም ደስ እያለው። ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ፤ ይመኙሻልም የሱቁን በር ገርበብ አድርጋ እስኪወጣለት ጠበቀችው።

«ታዲያ አሁን ማን ሰጠ ልበል?» አለ በመጨረሻ። «የእናቶቹን ስም አልሰጥም። እኔን ይውሰዱኝ እንጂ አልሰጥም።»

«እኔን ይጻፉኝ።»

«አንቺን?»

«አሮጌ መጻሕፍት ከየሰዉ ለምኜ ሰበሰብሁ። የተቀደደውን ገጽ ለስኳር መጠቅለያ አደረግሁት። የስሙ ወረቀት ደግሞ ለጽዋ ማኅበር የያዝሁት ነው፤ በስሕተት ገባ። እኔ በሕይወት አለሁ፤ የንግድ ፈቃድ አለኝ፤ ሱቄን ሰው ያውቀዋል። ምን ያደርጉኛል?»

«መዝገቡስ? ሰጪዋ የቀድሞ ተማሪ ናት ካልሁ መዝገብ ይጠይቁኛል። አንቺ ደግሞ…»

«በቀይ የሰረዙኝ እርስዎ ነዎት» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ድካም ብቻ። «በሰማያዊ ይጻፉኝ።»

እሑድን ጠብቆ ሰኞ ማለዳ፣ ሌላ ሰው ሳይመጣ፣ አሻግሬ የ1960ን መዝገብ ገለጠ። ከቀዩ መስመር በላይ በሰማያዊ ቀለም «ይመኙሻል» ብሎ ጻፈ፤ ከጎኑም «የተመለሰች» ብሎ ጨመረ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ከቀይ ወደ ሰማያዊ የተመለሰ ስም ይህ የመጀመሪያው ነው። ቀለሙ እስኪደርቅ አየው።

ጓድ ያርጋል ይመኙሻል «ሰጪዋ እኔ ነኝ» ብላ የጻፈችውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበበ፣ መዝገቡን አየ፣ የስሙን ወረቀት አነሣ።

«የማኅበር ነው እንግዲህ?»

«የማኅበር ነው።»

ያርጋል አሻግሬን ትክ ብሎ አየው። የክርስትና ስም ምን እንደሆነ እሱም አያጣውም፤ ዳባት አካባቢ የተወለደ የቄስ ልጅ ነው። ወረቀቱን አጥፎ ለአሻግሬ መለሰለት። «ኋላ ቀርነት ነው» አለና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ምን እንዳወቀና ምን እንዳላወቀ አሻግሬ አልጠየቀውም።

ሰኔ ሃያ ሰባት፣ በወላጆች ቀን፣ ከክፍለ ሀገር የመጡት ሰዎች መጽሐፉን ቆጠሩ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይቀጥላል ተባለ። የዓለምወርቅ ከተማሪዎች መካከል ቆማ አባቷን አየችው፤ በዚያች ቅጽበት እንኳ ያ ድካሙ አልለቀቀውም፤ ግን ሳቅ አለላት።

ከዚያ ሪፖርቱን አነበበ። ድሎቹን፣ ማትሪኩን፣ ችግኞቹን። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሰዉ ዝናብ ሳይመጣ ይጨርስልን እያለ ቀና ቀና ይላል። እማማ ወርቄ ከሁሉ ኋላ፣ አጥሩ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አሻግሬ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰ። «ከቀድሞ ተማሪያችን ከይመኙሻል መቶ አርባ ሦስት መጻሕፍት» ብሎ አነበበ፤ ተጨበጨበ። መውረድ ነበረበት። አልወረደም።

«ጓዶች» አለ፤ «ግለ ሂስ አለኝ።»

ግለ ሂስ ሲባል ሰው ይነቃል። ያርጋል እንኳ እርሳሱን አነሣ።

«አምና በዚህ ቦታ ቆሜ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ደብዳቤ ተጽፎላቸው መልስ አልሰጡም ብያለሁ። ውሸት ነው። ደብዳቤውን የላክሁት በአሮጌ አድራሻ ነው። መድረሱን ሳላጣራ ስማቸውን በሕዝብ ፊት አነሣሁ። ያልደረሰው ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ የወላጆቻቸውም አይደለም። የእኔ የአሻግሬ ነው። ስማቸውን ያነሣሁት እዚህ ነውና እዚሁ እመልሳለሁ።»

አሥራ ዘጠኙንም ስም እንደገና ጠራ። «ሻረው ውዱ፤ ደብዳቤ አልደረሰውም።» ከአሥራ ዘጠኙ ደብዳቤያቸው ያልተመለሰው አምስቱ አዲስ አበባ በየቢሯቸው ደልቷቸው ተቀምጠው፣ ደብዳቤውን አንብበው የጣሉ እንደሆኑ ያውቃል። እነሱንም አብሮ ማራቸው፤ እየቆጨውም ቢሆን ማራቸው። «አንሙት ሀብተ ሚካኤል» ሲል ቀና ብሎ ወደ አጥሩ አየ። «ደብዳቤ አልደረሰውም» አለና ወረቀቱን አጠፈ።

ያርጋል በማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈና ተነሣ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በሥራ ቸልተኛነት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ የአንድ ወር ደመወዙም ይቀጣል ብሎ አስታወቀ። አሻግሬ ራሱን ነቀነቀ። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ እግል ማኅደሩ ውስጥ የሚያስቀምጠው ያው እሱ ነው።

ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ፣ ከአጥሩ ሥር፣ እማማ ወርቄ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡና ከጎናቸው ወደነበሩት ሴቶች ዞሩ።

«አልሰማችሁም?» አሉ ጮክ ብለው፤ ለሁሉም እንዲሰማ። «ደብዳቤው አልደረሰውማ! እኔስ ምን ብዬ ነበር? ደርሶት ቢሆን አንሙቴ ዝም የሚል ልጅ ነበር?»

በሰዉ መካከል አልፈው፣ ቀስ እያሉ፣ አሻግሬ እቆመበት ድረስ መጡ። መላው ሕዝብ ያያቸዋል። ቀና ብለው ዐይን ዐይኑን አዩት።

«ነው ወይስ አይደለም አሻግሬ? አንተ ታውቀዋለህ።»

«አልደረሰውም እማማ» አለ አሻግሬ። «ደርሶት ቢሆን ከሁሉ ቀድሞ ይልክ ነበር።»

አሮጊቷ «ተባረክ» አሉት። ከፊት ከነበረው አግዳሚ ወንበር ላይ ሰዎች ተጠጋጉላቸውና፣ ዝናቡ እስኪጀምር እዚያው ተቀመጡ።